የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር መቀየር የሚያዋጣው መቼ ነው?

ጅማ ውስጥ በፎቶ ስቱዲዮዎች፣ በጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቶች፣ በሒሳብ ባለሙያዎች ቢሮና በተማሪዎች መኖሪያ ከምናገኛቸው ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ውጭ አገር መሥሪያ ቤት አገልግለው የመጡ የዴልና የኤችፒ ማሽኖች ናቸው። እነዚህ ማሽኖች ሲንቀራፈፉ ባለቤቶቻቸው በቅድሚያ የሚያነሱት ጥያቄ «ፕሮሰሰሩን ወደ አይ7 ባሳድገውስ?» የሚል ነው፤ ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው ቺፕ፣ አይ7 ደግሞ ከአይ3ና ከአይ5 በላይ ያለው የኢንቴል ኩባንያ የፕሮሰሰር ደረጃ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ በተሳሳተ አቅጣጫ ነው። አዲሱ ፕሮሰሰር ከአሮጌው ይፈጥናል ወይ ተብሎ ከተጠየቀ፣ ሻጩም ገዢውም የሚስማሙበት መልስ «አዎ» ስለሆነ ለውሳኔ የሚረዳ ነገር አይገኝበትም። ለውሳኔ የሚረዳው፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠን ከምንጠብቀው ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የያዘው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ነው።

ይህን ነገር በሒሳብ መልክ ለማየት መነሻ የሆነው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ብዙ ፕሮሰሰሮችን አቀናጅቶ ማሠራት ስላለው ገደብ ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ «ዓ.ም.» ከተባለው አንድ ቀን በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ለማንኛውም የማሽን ክፍል ይሠራል። አንድን ክፍል በማፍጠን የሚገኘው ጥቅም፣ ያ ክፍል ከጠቅላላው የሥራ ጊዜ ከያዘው ድርሻ ሊበልጥ አይችልም። አንድ ሥራ 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚህም 45 ደቂቃው የፕሮሰሰሩ ስሌት፣ 15 ደቂቃው ደግሞ ከዲስክ ማንበብና ወደ ዲስክ መጻፍ ነው እንበል። ሁለት እጥፍ የሚፈጥን ፕሮሰሰር 45ቱን ወደ 22 ደቂቃ ተኩል ያወርደዋል እንጂ 15ቱን አይነካውም፤ ስለዚህ ጠቅላላው 37 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ለሁለት እጥፍ ፍጥነት ከፍለን በእጃችን የገባው 1.6 እጥፍ ነው ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ስሌቱን በቅጽበት የሚጨርስ ቢሆን እንኳ ያቺ 15 ደቂቃ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም።

ስሌቱን ወደ ሌላ ቤት ብንወስደው ውጤቱ ይገለበጣል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ ያለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያጠፋው ጊዜ በአብዛኛው የጸሐፊዋ ጣትና የፕሪንተሩ ነው። ፕሮሰሰሩ በእርግጥ የሚጨነቅበት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ቢሆን፣ ሁለት እጥፍ የሚፈጥነው ፕሮሰሰር የሚያተርፈው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት የፕሮሰሰር ግዢ ገንዘብ ማባከን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ በዚያው ብር የፕሪንተሩን ቶነር መሙላት ይሻላል።

ከመግዛት በፊት መለካት

ድርሻውን ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ በውስጡ ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዙ በየቅጽበቱ ያሳያል። ልኬቱ ዋጋ የሚኖረው ግን የሚያማርረው ሥራ ራሱ በሚሠራበት ጊዜ ከተወሰደ ነው። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ እያለ የታየ ቁጥር ስለ መዘግየቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ከሚታዩት ምልክቶች በጣም የተለመደው ዲስኩ 100 በመቶ ሲይዝ ፕሮሰሰሩ 10 ወይም 15 በመቶ ላይ መቆየቱ ነው። ይህ የሚሆነው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሚሠሩ ማሽኖች ሲሆን ምክንያቱ ሜካኒካዊ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ጭንቅላት ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም ከ4 ሚሊሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል። ጭንቅላቱ ራሱ ወደ ትክክለኛው ቦታ ለመሄድ የሚወስደው 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ሲጨመርበት፣ ዲስኩ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን በሰከንድ ማንበብ የሚችለው 80 ጊዜ ገደማ ብቻ ይሆናል። ዊንዶውስ ሲነሳ ወይም ፕሮግራም ሲከፈት ደግሞ የሚነበቡት በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው የመረጃ ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ፣ በሃርድ ዲስኩ ኬብል የሚሰካው ርካሹ የሳታ ዓይነት ቢሆንም፣ ያንኑ ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይሠራዋል። ስለዚህ ማሽኑ አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚነሳ ከሆነ ስለ ፕሮሰሰር የሚደረገው ውይይት እዚህ ላይ ሊቆም ይገባል። ኤስኤስዲው ከገባ በኋላ ሁለተኛ ልኬት ይወሰዳል፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ፕሮሰሰሩን መግዛቱን ይተወዋል።

ራሙም በዚሁ ገጽ ይታያል። አራት ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ክሮምን በርከት ባሉ ታቦች ከፍቶ ወርድና ኤክሴል ሲጨመርበት ራሙ ይሞላና ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሚታየው መንቀራፈፍ የፕሮሰሰር ድክመት ይመስላል እንጂ አይደለም። ራም በሚጨመርበት ጊዜ ሁለት እኩል ቁራጮችን ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ በተመለከቱት ጥንድ ማስገቢያዎች መትከል፣ ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚገናኝበትን መስመር እጥፍ ያደርገዋል። ይህ በተለይ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌላቸው ማሽኖች ይጠቅማል፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነውና።

ፕሮሰሰሩን በሚመለከት አንድ ወጥመድ አለ። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ ማለትም ለየብቻ መሥራት የሚችሉ አራት የስሌት ክፍሎች ያሉት፣ 25 በመቶ ብቻ ተይዞ ሲታይ «ሥራ አልበዛበትም፤ ሌላ ችግር ነው» ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ቀላል ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ ሥራውን ለብዙ ኮሮች መከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ አንዱ ኮር እስከ ጫፍ ተይዞ ሦስቱ ሥራ ፈትተው ሊሆን ይችላል፤ የአራቱ አማካይ ደግሞ 25 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ኮር ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) በሚያስተናግድበት፣ ስለዚህም አራቱ ኮር ለዊንዶውስ ስምንት ሎጂካል ፕሮሰሰር ሆኖ በሚታይበት ማሽን ላይ ይኸው ሁኔታ 12 በመቶ ተኩል ሆኖ ይነበባል። ሥዕሉ ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭኖ እያንዳንዱን ሎጂካል ፕሮሰሰር ለየብቻ ማየት ይቻላል፤ ሆኖም ዊንዶውስ አንዱን ሥራ ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውረው አንዱ ብቻ 100 በመቶ ሆኖ ላይታይ ይችላል። አስተማማኙ ምልክት፣ ሥራው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ አማካዩ 25 ወይም 12 በመቶ ተኩል አካባቢ ተጣብቆ ሳይወርድ መቆየቱ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ የኮር ቁጥር መጨመር ምንም አይረባም፤ የሚያስፈልገው የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ነው።

በመጨረሻም በዚያው ገጽ የሚታየውን የጊጋኸርዝ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን የዑደት ፍጥነት፣ ቁጥር ማስተዋል ያስፈልጋል። ኢንቴል ኮር አይ5-3470 መነሻ ፍጥነቱ 3.2፣ ከፍተኛው ደግሞ 3.6 ጊጋኸርዝ ነው። ከባድ ሥራ እየሠራ ሳለ ከ3.2 በታች ወርዶ ከቆየ ፕሮሰሰሩ ከሙቀት ራሱን እየጠበቀ ነው፤ ወይም ዊንዶውስ ኃይል ቆጣቢ አሠራር ላይ ተቀምጧል። ዓመታት ያስቆጠረ ማሽን የፋኑ ክንፎች በአቧራ ይደፈናሉ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው፣ በኩለሩ፣ መካከል የተቀባውም ሙቀት አስተላላፊ ቴርማል ፔስት ይደርቃል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከቆላ ከተሞች የሳሳና ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያነሰ ነው፤ የከተማዋ አየር መካከለኛ መሆኑ ግን ይህን ያካክሳል፤ ስለዚህ በሚገባ የተጸዳ ማሽን እዚህ ከሙቀት ጋር ሊቸገር አይገባውም። ማጽዳትና አዲስ ፔስት መቀባት የሚጠይቀው ወጪ ከፕሮሰሰር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ማንም ሳይነካው ፕሮሰሰሩ በከፍተኛ ደረጃ ተይዞ የሚቆይ ማሽን ደግሞ፣ በፍላሽ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ቫይረስ ገብቶበት እንደሆነ መጣራት አለበት።

የትኛው ሥራ ምን ይፈልጋል?

ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ተተክቶ፣ ራሙ በቅቶ፣ ማሽኑም ተጸድቶ ፕሮሰሰሩ አሁንም ጫፍ የሚነካ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ጠባይ ነው። ለደብዳቤ፣ ለፒችትሪ ሒሳብ፣ ለኤክሴልና ለኢንተርኔት ባለ አራት ኮር የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 (እንደ 3470 ወይም 4590 ቁጥሩ በ3 ወይም በ4 የሚጀምር) ዛሬም ይበቃል። የፒችትሪ ፋይል በኔትወርክ በሌላ ማሽን ላይ የተቀመጠ ከሆነ፣ መዘግየቱ የሚመጣው ከዚያ ማሽን ዲስክና ከመካከሉ ካለው ኔትወርክ ስለሆነ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን ፕሮሰሰር መቀየር የሰውን ሕመም ለጎረቤቱ እንደ ማከም ነው።

በቂጦ ፉርዲሳ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት የንድፍ ፕሮግራም፣ አውቶካድ፣ አብዛኛውን የሥዕል ሥራ የሚሠራው በአንድ ኮር ነው፤ ብዙ ኮር የሚጠቀመው በተለይ ሬንደር ሲደረግ፣ ማለትም ንድፉ እውነተኛ ወደሚመስል ምስል ሲለወጥ ነው። በጤናና በግብርና ጥናት ላይ የተሰማሩት የሚጠቀሙበት አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋም ተጠቃሚው በኮዱ ካላዘዘው በስተቀር ስሌቱን በአብዛኛው በአንድ ኮር ይሠራል። ስታታ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ኮር የሚጠቀመው ኤምፒ በሚባለው እትሙ ብቻ ነው። ማትላብ የተባለው የስሌት ፕሮግራም መካከል ላይ ነው፤ አብሮት የመጡት የማትሪክስ ስሌቶች ራሳቸውን ለኮሮች ያከፋፍላሉ፣ ተማሪው በራሱ የጻፈው ተራ የኮድ ዙር (ሉፕ) ግን አይከፋፈልም። ከዚህ የምንረዳው፣ ስምንት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ገዝቶ በአንድ ኮር የሚሄድ ስሌት ማሠራት ሰባቱን ሥራ ፈት አድርጎ መቀለብ መሆኑን ነው። እንዲያውም ለአንድ የመመረቂያ ጥናት የተጻፈን ኮድ ለኮሮች እንዲከፋፈል አድርጎ ማሻሻል፣ አንዳች ሳንቲም ሳይወጣ፣ ከፕሮሰሰር ለውጥ የበለጠ ጊዜ ሊያተርፍ ይችላል።

የበለጠ ትኩረት የሚሻው የቪዲዮ ሥራ ነው፤ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ስቱዲዮዎች ፕሮሰሰሩን በእውነት የሚያስጨንቁ ደንበኞች ናቸውና። ኤዲቲንግ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፤ አንዱ በሌላው መድኃኒት አይድንም። የመጀመሪያው ኤክስፖርት፣ ማለትም ታርሞ ያለቀውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ፋይል ማውጣት ነው። ፕሮግራሙ ቪዲዮውን በኮሮቹ ብቻ የሚያዘጋጅ ከሆነ የኮርና የትሬድ ቁጥር መጨመር በቀጥታ ይታያል። ከ2011 ጀምሮ የወጡ ግራፊክስ ያላቸው የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ግን ክዊክ ሲንክ የሚባል ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ክፍል በውስጣቸው ይዘዋል። ይህ ክፍል በባዮስ (በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማሽኑን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ወይም በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ምርጫ ውስጥ ተዘግቶ የቆየ እንደሆነ፣ እርሱን መክፈት ብቻ የኤክስፖርትን ጊዜ በእጅጉ ሊያሳጥር ይችላል፤ ስለዚህ ከግዢው በፊት መሞከር አለበት።

ሁለተኛው ችግር ቪዲዮው ገና ሲታረም መቆራረጡ ነው። አዳዲስ ካሜራዎችና ስልኮች ብዙ ጊዜ የሚቀርጹት ኤች.265 በሚባለው የማመቂያ ዘዴ ሲሆን፣ ዘዴው ፋይሉን ትንሽ ቢያደርገውም መልሶ ለመክፈት ከባድ ስሌት ይጠይቃል። የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ የ8 ቢቱን፣ ማለትም ተራ የቀለም ጥራት ያለውን ዓይነት፣ ሰባተኛው ትውልድ ደግሞ በቀለም የላቀውን የ10 ቢቱንም ጭምር በልዩ ክፍላቸው ይከፍታሉ፤ ከእነርሱ የቀደሙት ግን ሸክሙን በአመዛኙ በኮሮቻቸው ይሸከሙታል። ኮር አይ5-4590ን አውጥቶ በቦታው ኮር አይ7-4790ን የሚተክል ስቱዲዮ ኤክስፖርቱ በመጠኑ ሲፈጥንለት የኤች.265 መቆራረጥ ግን አብሮት ይቀራል፤ ሁለቱም የአንድ ትውልድ ልጆች ናቸውና የሚጎድላቸውም አንድ ነው። ለዚህ ችግር ነፃ መፍትሔ አለ፤ ለማረም ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ግልባጭ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ፕሮክሲ፣ አስቀድሞ አዘጋጅቶ በእርሱ ላይ መሥራት ነው።

ማዘርቦርዱ የሚፈቅደው

ፕሮሰሰር እንደ ራም በቀላሉ አይጨመርም። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት፣ የማዘርቦርዱን ክፍሎች ከእርሱ ጋር የሚያገናኘው ቺፕሴትና ባዮሱ ሦስቱም መስማማት አለባቸው። የኢንቴል ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ በኤልጂኤ 1155፣ አራተኛው በኤልጂኤ 1150፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው በኤልጂኤ 1151፣ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው በኤልጂኤ 1200፣ ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ደግሞ በኤልጂኤ 1700 ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ስምንተኛውና ዘጠነኛው ትውልድ ላይ ነው፤ እነርሱም ኤልጂኤ 1151 ይባላሉ፣ ቅርጻቸውም ይገጥማል፣ ለስድስተኛና ለሰባተኛ ትውልድ በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ግን አይሠሩም። በኢንቴል ወገን ስለዚህ የሚገኘው ዕድል በአብዛኛው በአንድና በሁለት ትውልድ የተወሰነ ነው።

በዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ የሚያዋጣው ከታች ወደ ላይ መዝለል እንጂ ወደ ጎረቤት መራመድ አይደለም። ኮር አይ5-3470ን በኮር አይ7-3770 መተካት ከፍተኛውን ፍጥነት ከ3.6 ወደ 3.9 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በ8 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። የኮሮቹ ቁጥር አራት እንደሆነ ይቀራል፤ የሚጨመረው በእያንዳንዱ ኮር ሁለተኛ ትሬድ ሲሆን፣ ሥራው ለብዙ ትሬድ የሚከፋፈል ከሆነ ይህ በተለምዶ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ይጨምራል። በአንድ ኮር ለሚሠራ ሰው 8 በመቶው በዓይን አይታይም። ኮር አይ3-4130ን በኮር አይ7-4790 መተካት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ኮር አራት ይሆናል፣ ከፍተኛው ፍጥነት ከ3.4 ወደ 4.0 ጊጋኸርዝ ያድጋል፤ ለሚከፋፈል ሥራ አቅሙ ከእጥፍ በላይ፣ ለማይከፋፈለውም በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያገለገለው ፕሮሰሰር በተመጣጣኝ ዋጋ ከተገኘ ይህኛው ለውጥ ይደገፋል።

«አይ7» የሚለው ስም ብቻውን የሚነግረን ነገር እምብዛም የለም። በ2020 የወጣው ኮር አይ3-10100 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፤ በ2017 የወጣው ኮር አይ7-7700 የነበረው አቅም ማለት ይቻላል። የጊጋኸርዝ ቁጥርም በተለያዩ ትውልዶች መካከል አያወዳድርም፤ በ2004 በ3.8 ጊጋኸርዝ የወጣው ፔንቲየም 4 ከእርሱ ባነሰ ጊጋኸርዝ ከሚሠሩ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች አጠገብ አይደርስም፤ እነርሱ በእያንዳንዱ ዑደት የሚያከናውኑት ሥራ ብዙ ነውና። በስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደልም ትርጉም አላት፦ ኤፍ ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር ግራፊክስ ስለሌለው ያለ ግራፊክስ ካርድ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ ቲ ያለበት ደግሞ ለትናንሽ ሳጥኖች የተሠራ፣ በአብዛኛው የ35 ዋት፣ ፍጥነቱ የተቀነሰ ዓይነት ነው። ለ35 ዋት የተሠራ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የ84 ዋቱን ኮር አይ7-4790 ማስገባት ማሽኑን ለሙቀት መዳረግ ነው።

ማዘርቦርዱንም ጭምር ለመቀየር የሚያስብ ሰው የዴልንና የኤችፒን ማሽኖች በጥንቃቄ ሊያያቸው ይገባል። ብዙዎቹ ሞዴሎች የራሳቸው የሆነ የማዘርቦርድ ቅርጽና የፓወር ሰፕላይ ማገናኛ ስላላቸው፣ ከገበያ የተገዛ ማዘርቦርድ ሳጥኑ ውስጥ አይገጥምም፣ ፓወር ሰፕላዩም አይሰካለትም። አዲስ ማዘርቦርድ፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ፣ አዲስ ሳጥን፣ ዲዲአር3 የነበረው ራምም በዲዲአር4 ወይም 5 ከተለወጠ፣ ከአሮጌው ማሽን የቀረው ዲስኩ ብቻ ነው። ይህ ማሻሻል ሳይሆን ሌላ ኮምፒውተር መግዛት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ሚዛን መመዘን አለበት።

የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ኩባንያ ኤኤም4 ሶኬት ያላቸው ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። ከ2017 ጀምሮ የወጡ ብዙ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ሲታደስ የኩባንያውን ራይዘን ፕሮሰሰሮች እስከ 5000ዎቹ ተከታታይ ድረስ ይቀበላሉ። በ2017 የወጣው ራይዘን 3 1200 አራት ኮርና አራት ትሬድ ብቻ ያለው ሲሆን፣ በዚያው ሶኬት ላይ የሚቀመጠው ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት ትሬድ አለው፤ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነትም ከቀድሞው በእጅጉ ይበልጣል። በእኔ እምነት ፕሮሰሰርን ብቻ መቀየር ያለ ማመንታት የሚመከርበት ሁኔታ ይህ ነው። ሁለቱም ግራፊክስ ስለሌላቸው ካርዱ ሊኖር ይገባል፤ ካርድ የሌለው ሰው ጂ የሚል ፊደል ያለበትን ይፈልግ። አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይወጣ ባዮሱን ማደስ ግዴታ ሲሆን፣ መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ከተማ ይህ ሥራ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) መሞከር የለበትም። ባዮሱ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ኩለሩ ሲነሳም መጀመሪያ ማሽኑን ጥቂት አሠርቶ ፔስቱን ማሞቅና ኩለሩን በዝግታ እያዞሩ ማላቀቅ ይገባል፤ የኤኤም4 ፒኖች ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ በመሆናቸው ከተጣበቀው ኩለር ጋር ተነቅሎ ሊወጣና ሊጣመሙ ይችላሉ። በኢንቴል ወገን ግን ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ውስጥ ነው፤ እዚያ ላይ የወደቀ ነገር የሚያበላሸው ማዘርቦርዱን ነው።

ዊንዶውስም በውሳኔው ውስጥ ይገባል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በስተቀር ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ፣ ከኤኤምዲም ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያሉትን ነው። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ትውልድ ማሽን ላይ የሚደረግ ማንኛውም የፕሮሰሰር ለውጥ ይህን በር አይከፍትም፤ ራይዘን 3 1200ን በ5600 የተካ ሰው ግን በሩን አብሮ ገዝቷል።

ወጪውና የሚገኘው ሰዓት

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ ላይ ብር መጥቀሱ አይጠቅምም፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም። ከፕሮሰሰሩ ዋጋ ላይ አሮጌው የሚሸጥበት ይቀነሳል፣ የፔስትና የባለሙያ ክፍያ ይጨመራል፣ የተገኘውም ገንዘብ በሚተርፈው ሰዓት ይካፈላል። አንድ ስቱዲዮ በሳምንት ሁለት ሠርግ ይሠራል፣ አዲሱ ፕሮሰሰርም የሦስት ሰዓቱን ኤክስፖርት ወደ ሁለት ሰዓት ያወርደዋል እንበል፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይተርፋል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን የሠርግ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ በ52 ሳምንት ማባዛት ያታልላል፤ በ40 ሳምንት ቢባዛ በዓመት 80 ሰዓት ነው። የስቱዲዮው ባለቤት የአንድ ሰዓት ሥራው ስንት እንደሚያስገኝለት ስለሚያውቅ ማነፃፀሩ ለእርሱ ቀላል ነው።

እዚህ ላይ አንድ መለያየት ያለበት ነገር አለ። ሰው ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰዓትና ማሽኑ ለብቻው የሚሠራው ሰዓት እኩል ዋጋ የላቸውም። ኤክስፖርቱ ማታ ተለቅቆ ጠዋት የሚገኝ ከሆነ ሦስት ሰዓት ፈጀ ሁለት ለውጥ የለውም፤ 80ውም ሰዓት በወረቀት ላይ ብቻ የተረፈ ይሆናል። ይሁንና የመብራት መቆራረጥ ይህን ሒሳብ በከፊል ይገለብጠዋል። ተራ ዩፒኤስ አንድ ዴስክቶፕን የሚያቆየው ለደቂቃዎች እንጂ ለሰዓታት አይደለም፤ መካከል ላይ የተቋረጠ ኤክስፖርት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሥራው ባጠረ ቁጥር መብራት ሳይጠፋ የመጠናቀቁ ዕድል ስለሚጨምር፣ በሌሊት የሚተርፈውም ሰዓት ለእኛ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጨረሻው ተወዳዳሪ ያገለገለ አዲስ ትውልድ ማሽን ነው። ኮር አይ5-8500 የያዘ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስድስት ኮር፣ ዲዲአር4 ራም፣ የኤች.265 መክፈቻና የዊንዶውስ 11 ፈቃድ የሚያገኝ ፕሮሰሰር በአንድነት ይዞ ይመጣል። ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ትውልድ ማሽን የታሰበው ፕሮሰሰር ዋጋ፣ አሮጌው ማሽን ተሸጦ እንዲህ ያለውን ለመግዛት ከሚጨመረው ገንዘብ ግማሽ ያህል ከደረሰ፣ እኔ ብሆን ፕሮሰሰሩን ትቼ እቆጥባለሁ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚታዘዝ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የመጣን የማይገጥም ፕሮሰሰር መመለስ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የሶኬቱን ስምና የባዮሱን እትም ስለሚያሳይ፣ ከማዘዝ በፊት ይህን ፎቶ አንስቶ ለሻጩ መላክና ማሽኑን የሠራው ኩባንያ ለዚያ ሞዴል ያወጣውን የፕሮሰሰር ዝርዝር ማመሳከር ያስፈልጋል። ያገለገለ ፕሮሰሰር ሲደርስ በብረት ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ፕሮግራሙ የሚያነበው ስም አንድ መሆናቸው ይረጋገጣል። ቀጥሎም ከለውጡ በፊት በሰዓት የተለካው ያው ሥራ፣ በዚያው ፋይል፣ እንደገና ይለካል። የሚጠበቀው ልዩነት ካልታየ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት በደንብ ያልተቀመጠ ኩለርና የወረደው የጊጋኸርዝ ቁጥር ናቸው፤ እነርሱ ደኅና ከሆኑና ውጤቱ አሁንም ከስሌቱ ርቆ ከቀረ፣ ሻጩ የሰጠው የመመለሻ ቀን ሳያልፍ ዕቃውን መመለስ ይገባል።